ሽማግሌ የጣለ ሶፋ

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ መጡ።

አፍራህ ከሳሎኑ ኋላ ባለችው ጠባብ ኮሪደር ቆማ፣ መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ ታያቸዋለች። ያን ቀን እንደ ወትሮው በአባቷ የጨርቅ መደብር ጣቃ ስትፈታና ስትጠቀልል አልዋለችም። ይህን ቀን አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች። አንድ ዓመት ሙሉ አባቷ ሀጂ ዓብዱልፈታሕ «ልጄን ለሶፋ ሠሪ አልሰጥም» ብለው እምቢ እንዳሉ ነበር።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ገና በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው እየዞሩ ሸጠው ነው ካዛንቺስ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሠሩት። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ እንኳ ቤታቸው ጫፍ ላይ ስለነበረ ተርፏል። ድህነትን አብጠርጥረው ስለሚያውቁት፣ ልጃቸው ደጁን እንኳ እንድታልፍ አይፈልጉም። ሁዘይፋ ደግሞ ከስልጤ መጥቶ፣ ቄራ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ሶፋ የሚሠራ፣ ከሁለት እጁና ከመልካም ስሙ ሌላ ምንም የሌለው የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። «ሀጂ፣ ባይሰጡ እንኳ ሽማግሌዎቹን ይስሟቸው» እያሉ ለምነው ለምነው እሺ ያሰኟቸው እናቷ ወይዘሮ ራሂማ ናቸው።

ሦስቱም ሽማግሌዎች አዲሱ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱ የሁዘይፋ አጎቶች ናቸው። ሦስተኛው የቤት አከራዩ ጋሽ ቸሩ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ ሲገቡ የሳሎኑን በር ሞልተውት የገቡ ግዙፍ ሽማግሌ ናቸው። የአፍራህ ታናሽ ወንድም ሙስዐብ ጥግ ይዞ በስልኩ ይቀርፃል፤ ደሴ ያሉት አክስቶቻቸው ይዩት ብለው እናቱ ያዘዙት ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ከተናገሩ በኋላ ሀጂ ጺማቸውን አሻሹ። ከዚያ አፍራህ ፈጽሞ ያልጠበቀችውን ተናገሩ።

«እንግዶቼ፣ የተቀመጣችሁበትን ሶፋ ልብ ብላችሁታል? የልጃችሁ የሁዘይፋ እጅ ሥራ ነው። እሱም አያውቅ፣ ከባለቤቴ በቀር ቤተሰቤም አያውቅ፤ ከሱቁ አዝዤ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሰውን በሥራው ልወቀው ብዬ።»

አፍራህ መጋረጃውን ለቀቀችው። ዓይኗ በእንባ ሞላ። ያ ሶፋ ከገባ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ከየት እንደመጣ ብትጠይቅ አባቷ ፈገግ ብለው አልፈዋት ነበር። ለካ እሺ የማለት መንገዳቸው ይህ ነው! ለካ ልባቸው ቀድሞ ተከፍቷል!

«ማሻአላህ!» አሉ ጋሽ ቸሩ፣ ክርስቲያን ቢሆኑም የጎረቤቶቻቸውን ቋንቋ እንደ ራሳቸው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «እኔስ ምቾቱን ሳየው ጠርጥሬ ነበር!» ብለው በደስታ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ።

ቀጭ አለ።

መጀመሪያ ቀጭ፣ ቀጥሎ እንደ ጥይት ጧ! የሶፋው መደገፊያ ወደ ኋላ ተገነጠለ፤ ጋሽ ቸሩ ሁለት እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው ተንጋለሉ፤ በእጃቸው የያዙት የአናናስ ጭማቂ በነጭ ሸሚዛቸው ላይ ተከለበሰ። ሁለቱ አጎቶች አንዱ በአንዱ ላይ ወደቁ። ወዲያው ከስልኩ ጀርባ የሙስዐብ ሳቅ አፈትልኮ ወጣ።

ጋሽ ቸሩን ስድስት እጅ ተረባርቦ አነሳቸው። ደህና ነበሩ፤ ወገባቸውን ብቻ ያዝ አድርገው «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» ይላሉ። ሀጂ ግን ፊታቸው እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሯል።

«ሰውን በሥራው ልወቀው ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አወቅኩት።»

አፍራህ የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከግማሽ ደቂቃ በፊት የሞላው ልቧ አሁን እንደ ባዶ ጣሳ ይጮህባት ነበር።

*

ሙስዐብ ቪዲዮውን የላከው ለአንድ ጓደኛው ብቻ ነበር። «ወላሂ ለአንድ ጀለሴ ብቻ ነው የላኩት» እያለ ደጋግሞ ይምላል። ሰኞ ጠዋት ግን ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ነበር። ሙዚቃ ገብቶለታል። ጋሽ ቸሩ ሲወድቁ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ይታያል። የሀጂ ድምፅ ደግሞ ጥርት ብሎ «የልጃችሁ የሁዘይፋ እጅ ሥራ ነው» ይላል። ማታ ላይ ሰባት መቶ ሺህ ሰው አይቶት ነበር።

ሁዘይፋን ሰው ያደረገውም ይኸው ቲክቶክ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያች ክፍል ውስጥ እሱና የእንጨት ሠራተኛው ግርማይ ተፋጠው ደንበኛ ሲጠብቁ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን የቸገረው ሁዘይፋ፣ ሰው የጣለውን አሮጌ ሶፋ ከመፍታት ጀምሮ አዲስ አድርጎ እስኪሰፋው ድረስ ቀርፆ ለቀቀው። በረጋ ድምፁ እንጨቱን፣ ስፖንጁን፣ ሚስማሩን እያስረዳ። ሰው ወደደው። ከአያት፣ ከሲኤምሲ፣ ከአዳማ ሳይቀር ስልክ ይደወልለት ጀመር። በኋላ ሰማንያ ሺህ ተከታይ፣ አራት ሠራተኛ፣ የሁለት ወር ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበረው።

አፍራህም ያገኘችው እዚያው ነው። የእናቷን አሮጌ ወንበር ያድስ እንደሆነ በቴሌግራም ጠየቀችው። ወንበሩን ላከችለት። በሳምንቱ እንዲህ ሲል ጻፈላት፦

«የእናትሽን ወንበር ዛሬ ፈታሁት። ከጨርቁ ሥር ሌላ ጨርቅ፣ ከሱም ሥር ሌላ አገኘሁ፤ ሦስት ጊዜ ለብሷል። እንጨቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ንቅንቅ አላለም። የሠራው ሰው ማንም የማያየውን ቦታ ከሚታየው አሳምሮ ነው የሠራው። እኔም እንደዚያ ሰው መሥራት ነው የምፈልገው። ይቅርታ፣ ስለ ወንበር ብዙ አወራሁ።»

አፍራህ ያንን መልእክት ስንት ጊዜ እንዳነበበችው አታውቅም። «ስለ ወንበር አውራ፣ ደስ ይለኛል» ብላ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበር ብቻ ማውራታቸው ቀረ።

አሁን ግን በዚያው ገጽ ላይ የስድብና የፌዝ ዶፍ ይወርዳል። «ሄልሜት አብራችሁ ትሸጣላችሁ?» «ሽማግሌ ገዳይ!» «ለአማቴ አንድ እዘዙልኝ!» ደንበኞች ተራ በተራ ይደውላሉ፤ «በቃ ተወው ወንድሜ፣ ማለቴ፣ ሌላ ቦታ አግኝተናል።» ማክሰኞ ጠዋት ሁዘይፋ አንድ መስመር ጽፎ ለጠፈ፦ «ይህ ሶፋ የእኔ ሥራ አይደለም።»

አፍራህ ስታየው ተነፈሰች። እኩለ ቀን ላይ ደግማ ስትከፍተው ጽሑፉ የለም። እሱ ራሱ አጥፍቶታል።

ለምን አጠፋው? እውነት ከሆነ ለምን ይጠፋል? ጥርጣሬው እንደ ሹል እሾህ ገባባት። ምናልባት ሥራ በዝቶበት፣ ለሠራተኞቹ ትቶት፣ ሳያየው ወጥቶ ይሆን? ብዙ ጽፋ ብዙ ሰርዛ በመጨረሻ ላከችለት፦

«አንተ ሠርተኸው ከሆነ ንገረኝ። አልፈርድብህም። አብረን እናፍራለን።»

መልእክቱ እንደተነበበ የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ወዲያው በሩ። መልሱ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ።

«ሰባት መቶ ሺህ ሰው ጠየቀኝ፣ አልከበደኝም። አንቺ ስትጠይቂኝ ግን መልስ አጣሁ።»

ደወለች፤ አላነሳም። እንደገና ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል። አፍራህ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። ሰው የሚወደውን በአንዲት መስመር ሊያጣ እንደሚችል ያን ዕለት ገባት።

*

ረቡዕ ጠዋት ሀጂ ወደ መደብር ሲወጡ በረንዳው ላይ የተጣለውን ሶፋ ሳያዩት አልፈው «ያን ነገር ዛሬ ከደጄ አስወግዱልኝ» አሉ።

ከቤቱ ፊት በሚያልፈው መንገድ «ቁራሌው!» እያለ አሮጌ ዕቃ እየሰበሰበ የሚዞር ሰው ነበር። አፍራህ ጠራችው። ሰውየው ጆንያውን አስቀምጦ ሶፋውን ዞሮ አየውና፣ አንዱን ጎን ይዞ ገለበጠው። ከሥሩ ያለውን ቀጭን ጨርቅ በጣቱ ቀደድ አደረገ።

«እህቴ፣ ይሄማ ለምንም አይሆን» አላት። «ካርቶን ነው።»

«ምን አልክ?»

«ነይ እዪው።»

ጎንበስ አለች። መደገፊያው ውስጥ ስፖንጅ የለም፤ የሳሙና ካርቶን እየታጠፈ ተጠቅጥቆበታል። እግሩ የቲማቲም ሣጥን እንጨት ነው፤ ከሰጋቱራ የተጨመቀው ቺፑድ ጣውላ በአራት ሚስማር ብቻ ተይዞ ውሃ የነካው ይመስል ፈርክሷል። በማይታየው በኩል ይህ ሶፋ ቆሻሻ ነበር።

አፍራህ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማንም የማያየውን ቦታ አሳምሮ መሥራት እፈልጋለሁ ያለው ሰው ይህን ሊሠራ አይችልም። በዓይኗ ሳታይ፣ ማስረጃ ሳትጠይቅ ማወቅ ነበረባት። ቁራሌው አይቶ እስኪነግራት መጠበቅ አልነበረባትም።

«አትውሰደው!» አለችው። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ እንዳለ ተወው!»

ሮጣ ገብታ ሙስዐብን ቀሰቀሰችው። አባታቸው ያዘዙት ከየት እንደሆነ እናታቸውን ጠየቁ፤ ሀጂ የሶፋዎቹን ፎቶ ሊያሳዩአቸው ከቴሌግራም የላኩላቸው ገጽ በእናታቸው ስልክ ላይ ነበር። ሙስዐብ ከፍቶ አየው። «ሁዘይፋ ሶፋ ኦሪጅናል» ይላል። ፎቶው ሁሉ የሁዘይፋ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ ግን የእሱ አይደለም። ገጹ የተከፈተው ከሦስት ወር በፊት ነው።

«ፌክ ነው» አለ ሙስዐብ። «አፍሪ፣ ፎቶውን ሰርቀው ነው። አባን ሸውደዋቸዋል። እኔ ደግሞ... በቃ፣ እኔ ነኝ ሰውየውን የገደልኩት።»

አፍራህ ሻሿን እያጣፋች ከበር ወጣች። ደስታና ጸጸት በአንድ ላይ እየገፏት ታክሲ ተራው ድረስ ሮጠች።

*

ቄራ ስትደርስ የሱቁ መዝጊያ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ግርማይ ደጅ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሚስማር ያቃናል። ሲያያት ብድግ አለና መዝጊያውን ከፍ አደረገላት።

ሁዘይፋ ግማሽ በተሰፋ ሶፋ ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጺሙ አድጓል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ገልብጬ አየሁት» አለች። «ካርቶን ነው። ያንተን ፎቶ የሰረቁ ሰዎች ናቸው ለአባ የሸጡላቸው።»

መርፌውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ። «ሰኞ ዕለት ነው ገጹን ያገኘሁት።»

«አውቀህ? ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ለምን ጽፈህ አጠፋኸው?»

«አስተያየቱን አላየሽውማ።» ፊቱን አዞረ። «‹የእኔ አይደለም› ብዬ ስጽፍ ሰው አባትሽን መሳደብ ጀመረ። ‹ውሸታም ሽማግሌ፣ ልጅቷን ላለመስጠት የሠራው ድራማ ነው› አሉ። ስማቸውን ከነፎቷቸው እያወጡ። እኔ እየተሳቀብኝ ነው ያደግኩት፣ ይለፍ። ያንቺ አባት ግን በእኔ ምክንያት... አልቻልኩም አፍራህ። አጠፋሁት።»

እንባዋ ያኔ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ የታነቀው ሁሉ አብሮ ወጣ።

«እኔ ደግሞ ማጥፋትህን አይቼ ጠረጠርኩህ» አለች። «አባቴን ስትጠብቅልኝ እኔ አንተን ከሰስኩህ። ይቅር በለኝ ሁዘይፋ።»

«ከነቀፌታው ሁሉ ያመመኝ ያ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ሮጬ የመጣሁት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ትንሽ፣ የደከመ ፈገግታ። ንጹሕ የሶፋ ጨርቅ ቁራጭ ከጠረጴዛው አንስቶ እንባዋን እንድትጠርግበት ሰጣት።

«እውነቱን እናወጣለን» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ሶፋውን ገልብጠን፣ ቀርፀን።»

«አይሆንም። ‹ሀጂ ዓብዱልፈታሕ በስልክ ተሸወዱ› ተብሎ በአገር ይወራ? ያ ሰው በሰፈሩ ቀና ብሎ እንዴት ይሄዳል? እሳቸው ካልፈቀዱ አይደረግም።»

«እሺ። እሳቸውን እጠይቃለሁ።»

ስትወጣ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችው። እሱም እያያት ነበር። ከዚያ በኋላ አፍራህ መንገዱን የሄደችው በሌላ ሰው እግር ይመስል ቀሏት ነው።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት መልስ፣ አባቷን ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። የተሰበረው ሶፋ በነበረበት ቦታ ምንጣፉ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ቀርቷል። አፍራህ እዚያው ፊታቸው ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ካርቶኑን፣ ሐሰተኛውን ገጽ፣ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር መሆኑን። ፎቶውን አሳየቻቸው።

ሀጂ ስልኩን አልተቀበሏትም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ሰኞ ጠዋት ሶፋውን ለሸጠልኝ ሰው ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። ያኔ ገባኝ።»

አፍራህ ጆሮዋን አላመነችም። «ከሰኞ ጀምሮ ያውቁ ነበር? አራት ቀን ሙሉ፣ አባ?»

ሀጂ የመለሱላት ልጃቸው ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ነበር።

«ጨርቅ በጣቴ ዳስሼ ከየት አገር እንደመጣ የምለይ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነጋዴ አላታለለኝም። አሁን ፊቱን ያላየሁት ሰው፣ በእጄ በያዝኩት ስልክ... ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ሀጂ አርጅቷል፣ ይላል። በእኔ ከሚስቁ በእሱ ይሳቁ አልኩ። ወጣት ነው፣ ይረሳለታል አልኩ።»

«አራት ሠራተኛ ነበረው አባ። ትናንት ያየሁት አንዱን ብቻ ነው።» አፍራህ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እንባዋንም አልጠረገችም። «ሰኞ ዕለት እሱም እንደርስዎ አወቀ። ማክሰኞ ጻፈ። ሰው እርስዎን ሲሰድብ አይቶ በገዛ እጁ አጠፋው። ስሙን ስለርስዎ ስም ጣለው። አባ፣ ሰውን በሥራው ልወቅ ብለው ነበር። ሥራው ይኸው።»

ሀጂ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ብድግ ብለው፣ በትራቸውን አንስተው ወጡ።

አፍራህ ባዶው ምንጣፍ ላይ ቀረች። የምትለውን ሁሉ ብላለች። ተስፋ ቆረጠች ለማለት ይከብዳል፤ ግን እንደዚያ ዓይነት ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

*

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሙስዐብ ደወለላት። ከኋላው የመኪና ጡሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«አፍሪ፣ ቄራ ነይ። አሁኑኑ! አትጠይቂኝ፣ በቃ ነይ!»

ስትደርስ የሁዘይፋ ሱቅ ያለበት መንገድ በሰው ተዘግቷል። በሰው መሃል እየተሹለከለከች ወደ ፊት ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ከጭነት መኪና የወረደውን ያን ሶፋ ነው፤ ከነካርቶኑ ተገልብጦ አስፋልቱ ዳር ቆሟል። አጠገቡ ጋሽ ቸሩ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። በእነሱ መካከል፣ የጁምዓ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ አባቷ! ፊት ለፊታቸው ሙስዐብ ስልኩን ደግኖ በቀጥታ ያስተላልፋል።

«ይታያል?» አሉት ሀጂ።

«ይታያል አባ። ዐሥር ሺህ ሰው ገብቷል። ይናገሩ።»

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ዋላችሁ። ሀጂ ዓብዱልፈታሕ እባላለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሳቃችሁበት ቤት የእኔ ቤት ነው። ሳቁ፣ አልከፋኝም። ጋሽ ቸሩ ሲወድቁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስቃል።»

«አመሰግናለሁ» አሉ ጋሽ ቸሩ ከጎን፤ ሰው ሳቀ።

«ግን በተሳሳተ ሰው ላይ ነው የሳቃችሁት። ይህን ሶፋ ይህ ልጅ አልሠራውም። የሱን ፎቶ ከሰረቁ ሌቦች የገዛሁት እኔ ነኝ። ሳላይ፣ ሳልዳስስ የገዛሁት እኔ፣ የዕድሜ ልክ ነጋዴው። ሰኞ ዕለት አውቄ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። መታለል በሰው ላይ ይደርሳል። ዝም ማለቴ ግን ነውር ነበር፤ ለዚህም በአላህ ፊት፣ በናንተም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» በትራቸውን ጨበጥ አድርገው ቀጠሉ። «ይህ ልጅ እውነቱን ያውቅ ነበር። እኔን እንዳያዋርድ ብሎ ስሙ ሲበላ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሠራው ላይ እንድቀመጥ ዛሬ እስከ ሱቁ ድረስ መጥቻለሁ።»

ሁዘይፋ መዝጊያው ሥር ደንግጦ ቆሟል፤ መርፌው አሁንም በእጁ ነው። ግርማይ ነው ጨርሰው ያቆሙትን ትልቁን ሶፋ ጎትቶ ወደ ደጅ ያወጣው። ሁሉም ወደ ጋሽ ቸሩ ዞረ።

«ልቀመጥ?» አሉ ጋሽ ቸሩ በጥርጣሬ።

«ይቀመጡ!» አለ ሰው በአንድ ድምፅ።

ጋሽ ቸሩ ቀና ብለው ወደ ሰማይ አዩ፤ አማተቡ፤ ከነሙሉ ክብደታቸው ዘጭ አሉ። ሶፋው ንቅንቅ አላለም። ሀጂ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሁለቱ የሁዘይፋ አጎቶችም ከሰው መሃል ወጥተው ተጨመሩ። ግርማይ ከነሽርጡ መደገፊያው ላይ ወጣ። ሶፋው ዝም አለ፤ ሰፈሩ ግን በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ።

በስልኩ ላይ መልእክቱ ለማንበብ እስኪያቅት ይጎርፋል። «ይቅርታ ወንድሜ!» «እኔም ከዚያ ገጽ ገዝቼ ካርቶን ነው የመጣልኝ!» «እኔንም ሸውደውኛል!» «ሀጂ አንበሳ!» ተራቸውን ያሰረዙት ደንበኞች «ወንድም፣ ቦታችን አለ?» ብለው ይደውሉ ጀመር፤ ግርማይ የሁዘይፋን ስልክ ተቀብሎ መልስ መስጠት አቃተው። አስር ሶላት ሳይደርስ «ኦሪጅናል» የተባለው ገጽ ከነፎቶው ጠፋ። የመጀመሪያው ቪዲዮ በሁለት ቀን ያገኘውን ተመልካች ይህኛው ከምሽት በፊት አለፈው።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ የተሰማ ነው። በዚያች ሰዓት ሀጂ ዓብዱልፈታሕ ከሶፋው ተነስተው፣ ሰውን በበትራቸው ገለል እያደረጉ ሁዘይፋ ፊት ሄደው ቆሙ። ቁመታቸው ከትከሻው አይበልጥም። ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ» አሉት። ይህን ቃል ለእሱ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። «ሽማግሌዎችህ መልስ ሳልሰጣቸው ነው የሄዱት። እሁድ መልሰህ ላካቸው። እሺ የሚላቸውን ሰው እቤት ያገኛሉ።»

ሁዘይፋ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ለመሳም ሲሞክር አልፈቀዱለትም፤ በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሰው ጮኸ። ስልክ የያዘ ሁሉ ስልኩን አነሳ።

በአባቷ ትከሻ ላይ የሁዘይፋ ዓይን አፍራህን ፈለገ። አገኛት። በዚያ ሁሉ ሰውና ጫጫታ መሃል፣ እንባውን ሳይደብቅ አያት። እሷም አየችው። ሰው ሁሉ ወደ ሀጂ ዞሮ ስለነበር ያንን እይታ የቀረፀ ማንም የለም። ለሁለቱ ብቻ ቀረ፤ አፍራህም ከተማው ሁሉ ከሚያየው ደስታ ይልቅ በዚህ ማንም ባላየው ደስታ፣ እግሯ መሬት የነካ ሳይመስላት፣ ሳቀች።